የካፖ ቁምጣ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 14

ቆሜ ነው የምጽፈው። ደብተሩን የልብስ ሣጥኑ ላይ ዘርግቼ፣ እንደ ደብተራ ቆሜ። ቁጭ ካልኩ ይሞቃል፣ ከሞቀ ያሳክካል፣ ካሳከከ እጄን የሚያዝዘው ሌላ ሰው ነው።

ዛሬ ካፖ አዋረደኝ። ያውም ሰው በሞላበት፣ በሰይድ ሻሂ ቤት።

ካፖ የብስክሌት ቡድናችን አሠልጣኝ ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ አስመራ ግን ካፖ (በጣሊያንኛ አለቃ) ብላ ነው የምታውቀው። በጉብዝናው ጊዜ ኮርቻ ሳይነካ፣ ቆሞ እየረገጠ፣ ጣሊያኖቹን ዳገት ላይ ጥሎ የሚወጣ ሰው ነበር። አሁንም አይቀመጥም። ሻሂውን የሚጠጣው ባንኮው ላይ ተደግፎ ነው። «ሻምፒዮን ወንበር አያውቅም» ይላል፤ እኛም አሜን እንላለን።

ድንገት ብርጭቆውን አስቀመጠና «መሓሪ፣ ከሐኪም ወረቀት ካላመጣህ ከልጆቹ ጋር አትነዳም» አለኝ።

«የምን ወረቀት?»

«ራስህ ታውቀዋለህ። ከሴት ቤት ያመጣኸውን ለቡድኔ አታካፍልም።»

ሳቅ ሆነ። ግርማይማ ሻሂው በአፍንጫው ወጣ። እኔና እሱ ልምምድ ስንወጣ አንድ ክፍል ነው የምናድረው፤ ስፎክት ያየና ያወራ እሱ ነው፣ ሌላ ማን አለ? መለስኩለት? መለስኩ። «የሴት ቤት ደጃፍ አላውቅም። ወረቀቱን አምጥቼ እዚሁ ፊትዎ አነበዋለሁ» አልኩ።

እውነቱ ይሄ ነው። ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ብሽሽቴ ላይ ጀመረ፣ ወደ ጭኔ ወረደ፣ አሁን ወደ ኋላም ዞሯል። ዳሩ ቀይ፣ መሐሉ ደህና፣ ክብ። ጭርት። የሞከርኩት ደግሞ፦ ሎሚ (ጮኽኩ)። ቤንዚን (አልጮኽኩም፤ ድምፅ አልወጣልኝም)። ነጭ ሽንኩርት። እንዶድ። ጸበል። ከአሜሪካኖቹ ሰፈር በሰው በሰው የወጣች ቅባት፤ እሷ ለሳምንት ቆዳዬን የሕፃን አስመሰለችው፣ ከዚያ ጭርቱ ዘመዶቹን ይዞ ተመለሰ። በመጨረሻ ጾሙ ሲገባ ጣሊያኑ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አየት አደረገና ነጭ ኪኒን ሰጠኝ፦ በየቀኑ፣ ከምግብ በኋላ። ይኸው ጾሙ ሊጋመስ ነው። ኪኒኑ አለቀ፣ ጭርቱ አለ።

የፋሲካ ማግስት ምርጫ ነው፦ ከነፋሲት እስከ አስመራ ዳገቱን። ቀድመው የወጡ አራት ሰዎች ለዳግማይ ትንሣኤው ውድድር ይገባሉ። እኔ ካልገባሁ ካፖ ያለው ነገር እንደ እውነት ተቆጥሮ ይቀራል። በዚህ ሰፈር ደግሞ፣ በዓባ ሻውል፣ አንዴ የወጣብህን ስም ዝናብ አያጥበውም።

ለምን በአማርኛ እጽፋለሁ? እናቴ ዳዊት ትደግማለች፣ ትግርኛም ታነባለች። ፊደሉ አንድ ስለሆነ ይሄንንም ቆጥራ ትዘልቀው ይሆናል፤ ቋንቋው ግን አይገባትም። ፌደሬሽኑ ሲፈርስ ትግርኛችንን ከክፍል አስወጥተው አማርኛ ሲያሸክሙን አርሬ ነበር። አሁን ተበቀልኩ፤ የመንግሥትን ቋንቋ ለብሽሽቴ አዋልኩት። «ብሽሽት» የሚለውን ቃል እንኳ መምህሩ አላስተማረንም። የነገረኝ የሻሂ ቤቱ ሰይድ ነው፣ የወሎ ሰው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 15

ክብሪት ፋብሪካ ዋልኩ። ሥራዬ የቁም ነው፣ ተመስገን። ወሬው ግን ቀድሞኝ ገብቷል። የማሸጊያ ክፍሏ ልጅ ሁልጊዜ ውሃ የምጠጣበትን ጣሳ በሁለት ጣቷ አንስታ ለብቻው አስቀመጠችው። እያየኋት ሄጄ ጠጣሁበት። ከዚያ በሷም ጣሳ ጠጣሁ። ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ደስ አለኝ።

እናቴ «ብስክሌቱን ተው፣ ወደይ (ልጄ)፤ ሰው በብረት ላይ ተንፈራጥጦ ጤና አያገኝም» ትላለች። ሕመሜ እግር ላይ እንደሆነ ነው የነገርኳት። ያለፈው እሑድ መፃጉዕ ነበር፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመውን ሰው አስታወሰችኝ፣ እንደ ማጽናኛ። ሠላሳ ስምንት ዓመት! እኔ እስከ ፋሲካ ነው ያለኝ።

ማታ ሰይድ ሻሂ እየቀዳልኝ ቀስ ብሎ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል ባገራችን። ለኔ ሳይሆን ለሐኪሙ ንገረው፣ ወንድሜ። ሁሉንም ንገረው» አለኝ። ነገ እነግረዋለሁ። ያውም ጮኼ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 16

ከሐኪሙ ጋር ተጣላሁ። ደግ አደረግኩ።

ባዶውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረግኩና «ይሄ ጠመኔ ነው» አልኩት። ሽማግሌ ነው፣ እዚሁ ያረጀ። ትግርኛው እንደ ገበያ ሴት ይፈጥናል፤ ሲቆጣ ግን ጣሊያንኛው ይቀድመዋል። «ማ ኬ ጠመኔ! ሱሪህን አውልቅ!»

ዛሬ አየት አድርጎ አልተወኝም። የቀዩን ዳር በምላጭ ፋቀ፣ ፍቅፋቂውን ብርጭቆ ላይ አደረገ፣ ጠብታ ጨመረበት፣ ትንሽ ጠበቀና በማይክሮስኮፕ አየ። ከዚያ «ና፣ እይ» አለኝ። አየሁ። ቀጫጭን ክር፣ እንደ ሣር ሥር የተጠላለፈ። ሁለት ዓመት የበላኝ ይሄ ነው? እኔ ጥርስ ያለው ነገር ነበር የጠበቅኩት።

«ሻጋታ ነው፤ ዳቦ ላይ ለሚበቅለው ዘመዱ ነው» አለ። «ከሴት ቤት አይደለም። ከልብስ፣ ከፎጣ ነው የሚጋባው። ኪኒኑን በምን ዋጥከው?»

«በውሃ።»

«ምን በልተህ?»

«ምሳ። ሽሮ፣ ሓምሊ (ጎመን)። ዘይት የሌለው።»

እጁን ግንባሩ ላይ ጣለ። ለካ ይሄ ኪኒን ቅባት ካላገኘ ሰውነት አይወስደውም፤ እንደገባ ይወጣል። ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል ብላበት አለኝ። ጾም ነው አልኩት። ቅቤ አለ። ጾም አልኩ። «ከምግብ በኋላ ብዬህ ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ። «ሽሮ ምግብ አይደለም?» ብዬ ጮኽኩ። በሩ ላይ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ሰሙ፤ ይስሙ። «እዚህ አገር አርጅተው ጾማችንን አያውቁም? ሕዝቡ ሁሉ ቅቤውን ሰቅሎ፣ እርስዎ በጾም መግቢያ የቅቤ መድኃኒት ያዝዛሉ! ‹ትጾማለህ ወይ› ብሎ አንድ ቃል መጠየቅ ያቅታል?»

ሳቀ፣ የተሸናፊ ሳቅ። «ልክ ነህ። መጠየቅ ነበረብኝ። ዘይትስ? ዘይት ጾም ይሽራል?»

«አይሽርም። እናቴ ግን በዐቢይ ጾም ዘይት ቤት አታስገባም።»

«እናትህን አይደለም የማክመው። ከምሳ ጋር አንድ ሲኒ ዘይት፣ ኪኒኑን በላዩ።»

ሌላ ጠርሙስ ኪኒን ሰጠኝ፣ ወረቀቱንም ማኅተም አድርጎ ጻፈልኝ። ልወጣ ስል ጠራኝ። መቼ እንደጀመረኝ ጠየቀ። ቡድኑ ውስጥ በገባሁ በወሩ አልኩት። የውድድር ቁምጣዬ አዲስ ነበር ወይ አለ። ሰው የሰጠኝ ነው አልኩት። «አቃጥለው» አለ።

ዓርብ፣ መጋቢት 17

የውድድር ቁምጣ ለማያውቅ፦ ከላዩ ጥቁር ሱፍ ነው፣ ከውስጥ መቀመጫው ላይ ለስላሳ ቆዳ ይሰፋበታል። ቆዳው በሳሙና አይታጠብም፤ ከታጠበ ይደርቃል፣ ጭን ይልጣል። በእርጥብ ጨርቅ ታብሶ ስብ ይቀባል፣ በቃ። ካሸነፉበት ደግሞ ጭራሽ ውሃ አይነካውም፣ ዕድሉ ይታጠባል ተብሎ። እኔ ስጾም የከረምኩትን ስብ ሁሉ የበላው ቁምጣዬ ነው።

ቁምጣውን የሰጠኝ ካፖ ነው። በመጀመሪያው ወር ልጆቹን ቀድሜ ከነፋሲት የወጣሁ ቀን፣ ሁሉም እያየ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠኝ። «ይቺን የለበስኩ ቀን ማንም አልቀደመኝም» አለ። አለቀስኩ። የሻምፒዮን ቁምጣ!

ዛሬ እጄ ላይ ይዤው ብዙ ቆየሁ። ካፖ አይቀመጥም። ሻሂ ቤት አይቀመጥም። ምጽዋ ስንወርድ በጭነት ማኪናው ላይ፣ እኛ ጆንያ ላይ ተዘርረን፣ እሱ ብረቱን ይዞ ቆሞ ይወርዳል፣ ቆሞ ይመለሳል። በጉብዝናውም ዳገቱን ቆሞ ነበር የሚወጣው። እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሜ ነው የምወጣው! «ካፖን ይመስላል፣ ጉልበተኛ ነው» ይሉኛል። ጉልበት አይደለም፤ ኮርቻው ላይ መቀመጥ ስለማልችል ነው።

ጌታዬ ሆይ። ይሄ ሰውዬ ስንት ዓመት ነው ቆሞ የኖረው?

ከዚያ ደሜ ፈላ። ከሱ የወሰድኩትን ይዞ ነው በሰው ፊት የሴት ቤት ያለኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አሁኑኑ ሻሂ ቤት ልሂድ ብዬ ጫማዬን አሠርኩ። የምለውን ሁሉ ደረደርኩ፦ «ካፖ፣ እስቲ ይቀመጡ። እስቲ አንድ ደቂቃ ይቀመጡና እንይዎት።» ሻሂ ቤቱ በሳቅ ሲፈርስ ታየኝ።

ጫማዬን ፈታሁ። አዝኜለት አይደለም፣ ዛሬ ለማንም አላዝንም። ከምርጫው በፊት ከተናገርኩ ቦታዬን በአፌ ያገኘሁ ይመስላል። እኔ በእግሬ ነው የምፈልገው።

ቁምጣውን ጓሮ አቃጠልኩት። ሽታው ጉድ ነው፤ ጎረቤታችን በጾም በግ የሚለበልብ ማነው ብላ በአጥሩ አየች።

እሑድ፣ መጋቢት 19

ደብረ ዘይት። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሲኒዬን እንደያዝኩ ደረሰችብኝ።

«ዘይት? በዐቢይ ጾም?»

«መድኃኒት ነው፣ ኣደ። ሐኪም ያዘዘው።»

ሲኒውን አሸተተች፣ መልሳ ሰጠችኝ። ዘይት ኃጢአት ነው አላለችም፤ ከናቷ የወረሰችው ነው እንጂ ሥርዓቱ አይከለክልም፣ ታውቀዋለች። «በደብረ ዘይት ዕለት መሆኑ ደግ ነው» ብላ ሄደች። ከሷ አንደበት ይሄ ቡራኬ ነው። ዘይቱ ግን ያቅለሸልሻል። ከዓርብ ጀምሮ ሲኒዋን እያየሁ ምራቄ ይሞላል፤ አፍንጫዬን ይዤ እገለብጣታለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 20

ወረቀቱን ይዤ ሻሂ ቤት ገባሁ። ልክ እንደዛትኩት ቆሜ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከጣሊያንኛው እየመለስኩ አነበብኩት። የቆዳ ሻጋታ ነው፤ ከሴት አይደለም፤ ከልብስና ከፎጣ ይጋባል፤ እየታከመ ነው፤ ብስክሌት መንዳት ይችላል። ግርማይ ወደ ብርጭቆው አጎነበሰ። ሰይድ «አልሐምዱ ሊላህ» አለ፣ ጮክ ብሎ።

ካፖ እጁን ዘረጋ። ወረቀቱን ወሰደና ራሱ አነበበው። ቆየ። «ከልብስ» የሚለው ጋ ይመስለኛል የቆየው። ከዚያ አጠፈና ኪሱ ከተተው።

«ወረቀቴን…» አልኩ።

«እኔ ጋ ይቀመጥ። ነገ ልምምድ ና» አለ። ሌላ ቃል የለም። ይቅርታ የለም። ቆሞ ሻሂውን ጨረሰ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 30

ደኅና ዜና፦ ዳሩ ደብዝዟል። ቀዩ ቡናማ ሆኗል፣ ቅርፊቱ ረግፏል። ትናንት ሌሊት ሳላክ አደርኩ። ጠዋት ስነቃ የጎደለ ነገር ያለ መስሎኝ ክፍሉን ሁሉ አየሁ።

መጥፎ ዜና፦ ልጆቹ አሁንም ፎጣቸውን ይደብቁብኛል። ይደብቁ። ሐኪሙም ይሄንኑ ነው ያለው፤ እኔም የኔን እደብቃለሁ።

አዲሱን ቁምጣ እናቴ ሰፋችልኝ፣ ከውስጡ ድርብ ፍላኔላ ያለው። በየቀኑ በውሃ ይቀቀላል። ግርማይ «የሕፃን መጠቅለያ ለብሶ መጣ» አለ። በዚያው ቀን ደቀምሐረ መንገድ ላይ ጥዬው ሄድኩ። መጠቅለያው ደህና ይሮጣል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 12

ሰሞነ ሕማማት። እናቴ ከእሑድ ማታ ጀምራ ዘይቱን ሰወረችው። በዚህ ሳምንት እሷ ደረቅ ዳቦና ውሃ ናት፣ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ትናንት ኪኒኑን ያለ ዘይት ዋጥኩት፤ ማለት ጣልኩት።

ዛሬ ተጣላን። የመጨረሻው ሳምንት ነው፣ አሁን ካቋረጥኩ ይመለሳል አልኳት። «ጌታ ሐሞት በጠጣበት ሳምንት አንተ ዘይት?» አለች። ዘይቱም ከሐሞት አይሻልም፣ አልኳት። እንባዋ መጣ፣ የኔም መጣ። ከዚያ ሳላስበው እውነቱን አፈረጥኩት፦ እግሬ እንዳልሆነ፣ የት እንደሆነ፣ በሻሂ ቤቱ ምን እንደተባልኩ፣ ሁሉንም በትግርኛ። ሁለት ዓመት የሸሸግኩትን በአንድ ትንፋሽ። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች።

ከሥራ ስመለስ ዳቦው ተከድኖ አገኘሁት፣ አጠገቡ ሲኒው ሞልቶ።

«አባ ፈቀዱ?» አልኳት። የንስሐ አባቷ ጋ የሄደች መስሎኝ ነበር።

«አልጠየቅኳቸውም። ከጠየቅኳቸው ይከለክላሉ» አለች። «ኃጢአት ከሆነ በኔ ይጻፍ። ልጄን የሴት ቤት ያለው ሰው ዳገቱ ላይ ይይህ። ጠጣ።»

አፍንጫዬን ሳልይዝ ጠጣሁት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 18

ተቀምጬ ነው የምጽፈው!

ከነፋሲት ስንነሳ ጉም ነበር። ግርማይና ሌላ አንድ ልጅ ገና ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ ሄዱ። እኔ ቆሜ አልረገጥኩም። ኮርቻዬ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ሽማግሌ፣ ዙር በዙር ወጣሁ። ሌሎቹ ቆመው እየረገጡ አለፉኝ፤ ሁሉም ካፖን መምሰል ይፈልጋል። ጉሙ ሲያልቅ አንድ በአንድ ቁጭ እያሉ፣ እያለከለኩ አገኘኋቸው። አለፍኳቸው። ከሁለቱ በቀር ሁሉንም። ሦስተኛ ወጣሁ። በሕይወቴ ዳገት ተቀምጬ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለካ መንገዱ ዳር ቁልቋል አለ፣ ለካ ከታች ሸለቆው ይታያል።

ካፖ ስሞቹን አነበበ። የኔን ሲያነብ ቀና አላለም።

ማታ ሻሂ ቤት ወንበር ስቤ ዘፍ አልኩ። ልጆቹ ሁሉ ሲበተኑ ጠበቅኩ። ሰይድ ነገሩ የገባው ይመስላል፤ ወደ ጓዳ ገባ። ካፖ ባንኮው ላይ ቆሟል። የምለውን ሁሉ አውቀው ነበር፣ አንድ ወር ሙሉ ደርድሬዋለሁ። ሄድኩና ከኪሴ የተረፈችውን የዘይት ጠርሙስ አውጥቼ ሻሂው አጠገብ አስቀመጥኩ።

«ኪኒኑ ስሙ ኪስዎ ባለው ወረቀት ላይ አለ» አልኩት። «ያለ ቅባት ግን አይሠራም። እኔ አንድ ወር ከስሬበታለሁ። አሁን ጾሙ ስለወጣ ቅቤም ይሆናል።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ማን ነገረህ?»

«ቁምጣው።»

ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮህ እኔም ተዘጋጅቻለሁ። «ለማን ተናገርክ?» አለ በመጨረሻ፣ የልጅ በሚመስል ድምፅ።

«ለማንም።» (ለዚህ ደብተር ነግሬዋለሁ፤ ካፖ አማርኛ አያነብም።) «እርስዎ ግን በኔ ላይ ተናግረዋል፣ ካፖ። ሰው በሞላበት።»

«እወ» አለ። «ተናግሬያለሁ። ሲያሳክክህ ሳይ… ሰው አንተን ካየ እኔን አያይም ብዬ ነው።» ከዚያ ወለሉን እያየ፣ «ዐሥራ አንድ ዓመት» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ይቅር አልኩህ አላልኩትም። አላልኩም፣ ገና ነው። የኔም ቢሆን ጨርሶ ለመዳኑ ምን ዋስትና አለ? ዛሬ ማታ እንኳ ግራ ጭኔ ላይ አንዲት ቦታ ትበላኛለች፤ የዳገቱ ላብ ይሁን እሱ ራሱ አላውቅም፣ ሐኪሙ ዘንድ ረቡዕ እሄዳለሁ። ወንበሬን ብቻ በእግሬ ገፋ አደረግኩለት።

«ኮፍ በሉ» አልኩት በትግርኛ፤ ይቀመጡ።

አልተቀመጠም። ጠርሙሱን ግን ኮቱ ውስጥ ከቶ ወጣ።